ትንሽ ነው የቀረን

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም ከእንጦጦ ቁልቁል ወደ ፍልውሃ ሲወርዱ ምክንያታቸው የሚያከራክር አልነበረም። ላይ ብርድ ነው፣ ነፋስ ነው፣ ማገዶውም እየራቀ ሄዷል፤ ታች ፍል ውሃ አለ። መኳንንቱም ጭፍራውም ተራ በተራ ተከትሎ ወረደ፤ አዲስ አበባ እንዲያ ሆና ተቆረቆረች። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ፊቷን ወደ ላይ አዙራ አታውቅም፤ ቁልቁል እየተንከባለለች ቦሌን አልፋ አቃቂ ደርሳለች። ያን ሁሉ ቁልቁለት የወረደ ሕዝብ ነው እንግዲህ ዛሬ እሑድ እሑድ ልጆቹን መኪና ላይ ጭኖ፣ ነዳጅ እያቃጠለ ወደዚያው ብርድ የሚመለሰው። ምነው ሲባል «ልጆቹ ተፈጥሮን ይዩ ብለን ነው» ይላል።

ልጆቹን የጠየቃቸው የለም። ቢጠየቁ እንቢ ይሉ ነበር ማለቴ አይደለም። ልጅ ጫካ ይወዳል፤ ዱላ አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ጭቃ አለ፣ የሚወጣበት አለ፣ የሚደበቅበት አለ። ችግሩ አዋቂም አብሮ መምጣቱ ነው።

ተራራ መውጣቱን አልቃወምም፤ እኔም እወጣለሁ። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተመቻችቷል። ፈረስ አለ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ መንሸራተት አለ፣ ደክሞት ለሚቀመጥም ማኪያቶ አለ። እኔን የሚገርመኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ልጆቹ ምን እንደሚጫወቱ ዞር ብሎ የማያይ አባት፣ እሑድ ተራራ ሥር ሲደርስ የጨዋታ ሚኒስትር ሆኖ መገኘቱ ነው።

የእህቴን ቤት ልንገራችሁ። ዝግጅቱ የሚጀመረው ከዋዜማው ነው። ጀበናው በፎጣ ይጠቀለላል። ረከቦቱ፣ ማንደጃው፣ ከሰሉ፣ ምንጣፉ፣ ሁለት ፔርሙስ ሻይ፣ አንድ ትልቅ ሳፋ ፍርፍር፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለሚፆምም ለማይፆምም የሚሆን ወጥ በየሳህኑ። በጠዋት ይህ ሁሉ ሲጫን ያየ ጎረቤት ቤት የሚለቁ ነው የሚመስለው፤ እንዲያውም አንዷ ጠጋ ብላ ቤቱ ስንት እንደሚከራይ ጠይቃቸዋለች።

ልጆቹስ? ሦስቱም ታጥበው፣ ቅባት ተቀብተው፣ ነጭ ጫማ አድርገው ከኋላ ወንበር ላይ ይደረደራሉ። «ጫካ የሚሄድ ልጅ ነጭ ጫማ ምን ያደርግለታል?» ብላት እህቴ «ፎቶ አለ» አለችኝ። መኪናው ሳይነሣ ሕጉ ይነበባል። ጭቃ አትርገጡ። ድንጋይ ላይ አትውጡ። ዛፍ አትንኩ፣ ሙጫ አለው። መሬት ላይ አትቀመጡ፣ ብርድ ይገባችኋል። አትሩጡ፣ ላብ ይዟችሁ ነፋስ ይመታችኋል። ፍርፍር በልታችሁ ፀሐይ ላይ አትውጡ፣ ምች ይመታችኋል። ሕጉ አንድም ነገር ሳያስቀር ካለቀ በኋላ «በሉ እንግዲህ፣ ዛሬ የእናንተ ቀን ነው፤ እንደ ልባችሁ ተጫወቱ!» ተብሎ ይታወጃል።

ጨዋታው ግን እንደ ልባቸው አይደለም፤ ተዘጋጅቶ መጥቷል። የእህቴ ባል እህት የምትኖረው ቨርጂኒያ ነው። እዚያ ሸናንዶዋ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ልጆቿን ይዛ ትሄዳለች። ልጆች ለእነሱ የተዘጋጀውን መጽሐፍ ይዘው በጫካው ውስጥ እያዩ፣ እየሳሉ፣ እየመዘገቡ ይሄዱና ሲጨርሱ በፓርኩ ጠባቂ ፊት ቃለ መሐላ ፈጽመው «ጁኒየር ሬንጀር» የሚል ባጅ ይቀበላሉ። ደግ ነገር ነው፤ እኔም በዚያ ዕድሜ ባጅ የሚሰጠኝ ባገኝ ምዬ ለመገዘት ወደ ኋላ አልልም ነበር። ይህች አክስት ታዲያ ለወንድሟ ልጆች ይሁን ብላ በቴሌግራም አንድ ዝርዝር ላከች። ልጆች በእግር ጉዞ ላይ ፈልገው ሲያገኙ ምልክት የሚያደርጉበት ነው። አባት ሆዬ በቀለም አሳተመው፣ በላስቲክ አስለበጠው፣ ለየልጁ ከነእስክሪብቶው አደለው። የኦክ ፍሬ። የሜፕል ቅጠል። ቺፕመንክ የሚባል ባለመስመር ሽኮኮ። የአጋዘን ዱካ።

ቨርጂኒያ ላይ ይህ ዝርዝር እንከን አይወጣለትም፤ ኦኩም ሜፕሉም ከደጃፍ አይጠፋም። እንጦጦ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

«አባዬ፣ ኦክ የትኛው ነው?» አለ ታላቅየው።

አባት ግራ ቀኙን ቃኘ። በግራ ባሕር ዛፍ። በቀኝ ባሕር ዛፍ። «እዚህ አካባቢ የለም፤ ከፍ ስንል ይኖራል።»

ከፍ አልን። ባሕር ዛፍ።

«ይኼስ ሜፕል ነው?»

«አይደለም።»

«አንተ ሜፕል አይተህ ታውቃለህ?»

«ዝም ብለህ ፈልግ!»

አባትና ልጆች አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬቱን ሲያስሱ፣ ከላይ አንዲት እናት የቅጠልና የጭራሮ ሸክም አዝለው ቁልቁል መጡ። ያ ዳገት ለእኛ የሰንበት ነው፤ ለእሳቸው የየቀን። አንድ ዙር ለመድገም ያሰቡም ይመስለኛል፤ ቢሆንም ሸክማቸውን ከመንገዱ ጠርዝ አስደግፈው ቆሙ።

«ምን ጠፋባችሁ ልጆቼ?»

አባት ደንገጥ ብሎ «ኦክ ነው እማማ» አለ።

«የወርቅ ነው?»

«አይ፣ የወርቅ እንኳን አይደለም…»

«ከየት ወዲህ ነው የጣላችሁት? ቅድም እዚያ ታች ጋ ስትቀመጡ አይታችሁታል?» እያሉ እሳቸውም በዓይናቸው መፈለግ ጀመሩ። ጨዋታ መሆኑ ሲነገራቸው ትንሽ ዝም አሉ። ልጆቹን አዩ፣ አባትየውን አዩ፣ በላስቲክ የተለበጠውን ወረቀት አዩ። ከዚያ ወገባቸው ላይ ያለውን ገመድ እያጠበቁ «በሉ፣ ማርያም ታገናኛችሁ» ብለው ወረዱ።

የሚያስቀው፣ ፍለጋ ለሚወድ ልጅ ባሕር ዛፉ ራሱ ቀን ሙሉ ይበቃው ነበር። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ለማገዶ ነው፤ ለማገዶ ይምጣ እንጂ ለልጅ መጫወቻ የሚሆን ነገርም አብሮት መጥቷል። አበባው ከመፈንዳቱ በፊት እምቡጡ ላይ የተገጠመች አመድማ ክዳን አለችው፤ አበባው ሲፈነዳ ተፈንቅላ ትወድቃለች። ታናሽየዋ ይህችን ክዳን እየለቀመች ለአምስቱም ጣቶቿ ቆብ አደረገችላቸው፤ ጣቶቹንም እርስ በርስ ማነጋገር ጀመረች። አውራ ጣት ደብተራ ነበር። ቆይታ ደግሞ ከአንድ ጉቶ አጠገብ ተቀምጣ (መሬት ላይ አትቀመጡ የሚለው ሕግ ተሽሮ) አባቷን ጠራችው።

«አባዬ፣ ይኼ ዛፍ ሁለት ዓይነት ቅጠል አለው።»

«ያኛው ሌላ ዛፍ ነው።»

«አይደለም፣ እየው፤ ጉቶው አንድ ነው።»

ልክ ነበረች። የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል በለጋነቱ ክብና ብርማ ነው፣ ከግንዱ ላይ ልጥፍ ብሎ ነው የሚበቅለው፤ ዛፉ ሲጎለምስ ረዝሞ፣ ጠቁሮ፣ ማጭድ የሚመስል ይሆናል። ተቆርጦ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥም እንደገና ከክቡ ይጀምራል። ሥሩ ሽማግሌ፣ ቀንበጡ ሕፃን። ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን በዚህ ዛፍ ሲታጠን፣ ሲሞቅ፣ ቤት ሲሠራ ኖሮ ይህን ልብ ሳይለው ይሞታል፤ ልጅቱ በሩብ ሰዓት ደረሰችበት። አባት ጎንበስ ብሎ አየ፣ ወረቀቱንም ከላይ እስከ ታች አየ።

«ዝርዝሩ ላይ የለም» አላት። «ተይው፣ ኦኩን ፈልጊ።»

ከፍ ብሎ መንገዱ ዳር እንጆሪ ደርሶ ነበር። ታላቅየው እጁን ሲሰድ እህቴ «እንዳትነካ! ሳይታጠብ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ድረስ የሚሰማ ነው። ይህችው እህቴ ልጅ ሳለች ኮሽምና ቀጋ ፍለጋ አጥር ለአጥር ስትውል፣ ሳታጥብ ይቅርና ሳታኝክ ነበር የምትውጠው፤ ምስክሩ እኔ ነኝ፤ ከጥቅሙም ተካፍያለሁ። ለልጆቹ በእንጆሪው ፈንታ በፕላስቲክ የታሸገ፣ እንጆሪ እንጆሪ የሚል ብስኩት ተሰጣቸው።

የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ያህል ሯጭ እዚያ ዳገት ላይ ሳንባውን ሲያጠነክር የኖረው በከንቱ አይደለም። የእህቴ ባል ሳንባውን ያጠነከረው ቢሮ ተቀምጦ ነው። ገና ዳገቱ ሲበረታ ቆም ብሎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «ልጆቹ ደክሟቸዋል፤ እንረፍ» አለ። ልጆቹ በዚያ ሰዓት ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ነበር። «ልጆች! አረፍ በሉ ተብላችኋል!» በግድ አረፉ። ትንፋሹ ሲመለስለት «በሉ ተነሡ፣ ምን ዓይነት ሰነፎች ናችሁ!» ብሎ አስነሣቸው።

ልጆቹ ራሳቸው ሲቆሙ ግን አይፈቀድም። ልጅ መንገድ ላይ የሚቆመው ደክሞት ሳይሆን ነገር አይቶ ነው። አንድ ጥንዚዛ ከራሷ የምትበልጥ የፋንድያ ኳስ በኋላ እግሯ እየገፋች ዳገት ስታወጣ አገኙ። ኳሷ ትንከባለልና ትመለሳለች፤ ወርዳ ታመጣታለች፤ እንደገና ትገፋለች። ሦስቱም በደረታቸው ተኝተው ታወጣት እንደሆን ይከራከሩ ጀመር። ትንሹ ልጅ መንገዱን በጣቱ ጠረገላት፤ ታላቅየው «አታግዛት፣ ፋውል ነው» አለው። ይህን ጊዜ ነው ከላይ ጥሪ የመጣው። «ኑ እንጂ! ጫፍ ሳንደርስ ሊመሽብን ነው!»

ጫፍ ላይ ምን አለ? ጫፍ ላይ አዲስ አበባ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ልጆቹ የመጡት ከዚያ ነው።

«አባዬ፣ ስንት ቀረን?»

«ትንሽ ነው የቀረን።»

መንገድ ሲጠየቅ «እዚችው ናት» ብሎ የግማሽ ቀን መንገድ የሚያስኬደው ገበሬ በዚህ አገር ብዙ ታምቷል። ገበሬው ቢያንስ አገሩን ያውቀዋል። የከተማ አባት የማያውቀውን ዳገት ነው በልበ ሙሉነት የሚያሳጥረው። ከታች ትንሽ ቀረ፣ ከመሐል ትንሽ ቀረ፣ ጫፉ የመሰለን ቦታ ላይ ደርሰን ሌላ ጫፍ ከኋላው ብቅ ሲል አሁንም ትንሽ ቀረ።

ሰልፉን ያዳኑት የባልየው እናት ናቸው። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የፕላስቲክ ጫማ አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከሁላችንም ፊት ይሄዱ ነበር። ወደ ኋላ የቀሩትን ልጆች ዞር ብለው እያዩ «የመጨረሻውን አያ ጅቦ ነው የሚቀበለው» አሉ። ልጆቹ በረሩ። እህቴ «እማማ፣ አያስፈራሯቸው እንጂ፣ ሥነ ልቦናቸው ይጎዳል» አለች። እማማ ሥነ ልቦና ምን እንደሆነ ጠይቀው በትዕግሥት ከተብራራላቸው በኋላ «እሱንም ይበላዋል» አሉ። እንጦጦ ላይ ጅብ መኖሩ እውነት ስለሆነ የሚከራከራቸው አልተገኘም።

እሳቸው ናቸው እንቆቅልሽም ያስጀመሩት። መንገድ የሚያስረሳ ጨዋታ ነው፤ ባትሪ አይፈልግም። ተራው ሲደርሰው ታላቅየው አባቱን ያዘ።

«እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልህ!»

«ሁልጊዜ ትንሽ ይቀረዋል፤ አያልቅም።»

«ዕዳ?»

«አይደለም።»

«የቤታችን ግንባታ?»

«አይደለም። አገር ስጠኝ።»

«ጎንደርን ውሰድ።»

«ጎንደር ሩቅ ነው። መኪናው የቆመበትን ስጠኝ።»

ተሰጠው። መልሱን ሲናገር እማማ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ልጃቸው ነውና።

ጫፍ ላይ ሥራ ተጀመረ። ስልክ መንካት ለልጆቹ ክልክል ነው፤ የተፈጥሮ ቀን ነዋ። ለአባትና ለእናት ግን ክልክል አይደለም። «ተቃቀፉ! እዚያ ጋ ቁሙ! ሳቁ እንጂ!» ልጆቹ ቅድም ሣሩ ላይ እየተንከባለሉ ሲንከተከቱ ማንም አላነሣቸውም፤ ምንጣፍ ይነጠፍ ነበር። ስለዚህ ሳቁ መደገም አለበት። «እንደገና ውጡና እየሳቃችሁ ውረዱ!» ወጡ፣ ወረዱ። «ፀሐይዋ ከኋላ ናት፣ በዚህ በኩል!» ወጡ፣ ወረዱ። ትንሹ ልጅ በመጨረሻው ላይ እያለቀሰ ነበር የወረደው፤ አፉ ግን ተከፍቶ ስለነበር ፎቶው ላይ ከሁሉም ይበልጥ የሳቀ እሱ ነው። ብዙ ሰው ወዶለታል። አባትየው የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየና «ለካ ቦታው ያምራል» አለ።

ከዚያ ቡና ተፈላ። እዚህ ላይ ለፍትሕ ስል አንድ ነገር መመስከር አለብኝ፤ ያን ሁሉ ከሰልና ረከቦት መሸከማቸውን አሹፌበታለሁ፤ ልጆቹ በዚያ ቀን የተጫወቱት ግን ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ነው። አዋቂው ጀበና ዙሪያ ከተቀመጠ የመሬት ዋጋ፣ የአስተማሪ ጠባይ፣ የዘመድ ሰርግ ይነሣል፤ የጨዋታ ሚኒስቴር ይዘጋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ይሁን ወይም ከሰሉ እርጥብ ስለነበር አላውቅም፣ ቡናው እንደ ልብ ቶሎ አልደረሰም፤ ልጆቹም አልቸኮሉም። ጉድጓድ ቆፈሩ። ጉድጓዱን በሃይላንድ ውሃ ሞሉት፤ ውሃው ሲሰርግ በጭቃ ለሰኑት፤ ሲያንጠባጥብ በሣር ወተፉት፤ ነጩ ጫማ የት እንደገባ አይጠየቅም። ጭቃው ሲተርፍ በሬ ተሠራበት፤ የአንዱ በሬ ቀንድ የባሕር ዛፍ ፍሬ ነው። እማማ አቦሉን ጠጥተው ወደነሱ ተሻገሩና አምስት ጠጠር አስለቅመው ቅልሞሽ አስተማሯቸው። አንዱን ወደ ላይ ወርውሮ እሱ ሳይወድቅ መሬት ያለውን መልቀም ነው፤ ቀላል ይመስላል። እማማ ሲሳሳቱ «ነፋስ ነው» ይላሉ፣ ልጆቹ ሲሳሳቱ «አለቀብህ» ይላሉ። በግልጽ ያጭበረብሩ ነበር። ታናሽየዋ ደርሳባቸው ስትጮኽ «ዓይንሽ ደህና ነው፣ ተመስገን» ብለው ጠጠሩን ሰጧት።

በረካው ሲያልቅ እህቴ ዞር ብላ አየች። ጩኸቱን አልጽፈውም።

በግሉ ያልተሳካለት ደግሞ በቡድን ይሄዳል። በቴሌግራም ማስታወቂያው ይወጣል፤ ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ አስጎብኚ፣ ቲሸርት፣ ፎቶግራፈር፣ ከሥር በደማቁ «ለልጆች አዝናኝ ጨዋታዎች!» እህቴና ባሏ በአንዱ ተመዘገቡ፤ እኔም ለትዝብት ተከተልኩ። ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ ውስጥ ገባን። ሙዚቃው አውቶቡሱ ውስጥ ተጀምሮ ጫካው ድረስ አልቆመም፤ ወርዶም በአንድ ወጣት ትከሻ ላይ በድምፅ ማጉያ ተከተለን።

የሄድንበት መናገሻ ሱባ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ያለ የቆየ ደን ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ኮሶው እዚያ ሲታይ ከተማ ውስጥ ዛፍ የምንለው ነገር ያሳፍራል። ልጆቹ አንዱን ጥድ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሊከቡት ሞከሩ፤ አንድ ሰው ጎደላቸው። «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» ብለው ቢጣሩ የመጣላቸው የለም፤ አዋቂው በሙሉ ባነሩን ይዞ ለቡድን ፎቶ ተሰልፏል። የመጣሁት እኔ ነኝ፤ እጄ አጠረ። ያ ጥድ እስካሁን አልተከበበም።

ጉሬዛ ለማየት ዝም ብሎ ቀና ማለት ይበቃል። አስጎብኚው፣ ትሑት የአካባቢው ልጅ፣ ለታናሽየዋ በሹክሹክታ ይነግራት ነበር። ግልገሉ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፣ ጥቁሩ በኋላ ነው የሚመጣው። አውራ ጣትም የለውም ማለት ይቻላል፤ በአራቱ ጣቶቹ እየተያዘ ነው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚወረወረው። ልጅቱ ወዲያው አውራ ጣቷን በመዳፏ ውስጥ አጥፋ ዝቅ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ለመንጠልጠል መሞከር ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ከበላያቸው አንድ መንጋ ጭራውን ለቆ ቁጭ ብሎ ይመለከታቸዋል። ከነጩ ግልገል ጋር። ይህን ጊዜ ፕሮግራም መሪው ድምፅ ማጉያውን አነሣ።

«አሁን የጫካውን ጸጥታ እናዳምጣለን! ሁላችሁም! ከኋላ ያላችሁም! ጸጥታውን አዳምጡ! ይሰማችኋል ወይ?»

ጉሬዛዎቹ ጸጥታ ፍለጋ ሄዱ።

መሪያችን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይደለም። መንገዱ መሐል ቆሞ ልጆቹን በግማሽ ክብ ፊቱ ደረደረና ስለ ብዝኃ ሕይወት ያብራራ ጀመር። እያንዳንዱ ፍጥረት የራሱ ቦታ አለው፣ አለ። የቆመው በገብረ ጉንዳን መንገድ ላይ ነበር። ልጆቹ ቀድመው አይተዋል፤ አልነገሩትም። ይህን በክፋት አትያዙባቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ «ዝም ብላችሁ አዳምጡ» ሲባሉ ነው የዋሉት። አዳመጡ። ዓይናቸው ግን ከጫማው ወደ ካልሲው፣ ከካልሲው ወደ ሱሪው በዝግታ ይወጣ ነበር። «ተፈጥሮን ከጠበቅናት ትጠብቀናለች» በሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቀየረ። ማጉያው አልጠፋም ነበርና የሚቀጥለውን ሁሉ ጫካው ሰማ። ከአንድ ዝግባ ጀርባ ሱሪውን ሲያራግፍ ፎቶግራፈሩ እያገዘው ስለነበር፣ የዕለቱ እውነተኛ ሳቅ ሳይነሣ ቀረ።

ልጆቹ ግን ከዚያ ቦታ የሚነቃነቁ አልሆኑም። ገብረ ጉንዳን ዓይን የለውም፤ የሚሄደው ሽታና ንክኪ እየተከተለ ነው። በሰልፉ ዳርና ዳር መንጋጋቸውን ከፍተው የሚቆሙት ትላልቆቹም፣ በስሙ አትሳቱ፣ ሴቶች ናቸው። አስጎብኚው ይህን ሲነግራት ታናሽየዋ ወንድሞቿን ያየችበት አስተያየት ረጅም ነበር። ቀጥለው በሰልፉ መንገድ ላይ ቅጠል እየጣሉ፣ በላይ ይሄድ እንደሆን በዙሪያው፣ ስንት ጊዜ እንደሚደናገር ይወራረዱ ጀመር። ውርርዱ በዳቦ ቆሎ ነው። የሚያስተምራቸው፣ የሚሸልማቸው፣ የሚያስቃቸው ሰው አልነበረም።

ይህ ዓይነቱ ነገር ሲደርስ አዋቂ ሰው ይጨንቀዋል። ልጆቹን ፕሮግራሙ እያመለጣቸው ነው! ስለዚህ ከምሳ በኋላ «አዝናኝ ጨዋታዎች» በአዋጅ ተጀመሩ። መጀመሪያ ሎሚ በማንኪያ፤ ማንኪያውን በጥርስ ነክሶ ሎሚው ሳይወድቅ መሮጥ። የእህቴ ትንሽ ልጅ ሎሚውን በላው፤ ተሰረዘ። ከዚያ የጆንያ ሩጫ፤ ጆንያዎቹ ለልጅ ረዝመው፣ ለአዋቂ አጥረው፣ ለማንም ሳይሆኑ ቀሩ። በመጨረሻ ገመድ ጉተታ መጣ። ልጆቹ ገመዱን ይዘው ትንሽ እንደጎተቱ አንድ አባት «እንደዚህ አይደለም፣ እናሳያችሁ» ብሎ ገባ። ከወዲያ በኩል ሌላ አባት «ታዲያ እኛስ?» ብሎ ገባ። እናቶች ጫማ አወለቁ። ልጆቹ ከገመዱ ተገፍተው ወጡ።

አንደኛው ዙር ያለ ክርክር አለቀ። በሁለተኛው አንድ ሰው እግሩን ከሥር ተክሏል ተባለ። በሦስተኛው ዳኛው የባልየው የሥራ ባልደረባ መሆኑ ተደረሰበት፤ ዳኛ ይቀየር ተባለ። የእህቴ ባል፣ ያ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጠረው ሰው፣ ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ ደም ሥሩ ተገትሮ «ጎትት! ጎትት በለው!» ይላል። እህቴ ቡና ልታጠጣቸው የሚገባትን እንግዶች በውሸታምነት ስትከስ ሰማኋት። ሁለት ሰው በቂጡ ወደቀ። መሪያችን በማጉያው «ጨዋታ ነው! ወገኖቼ፣ ጨዋታ ነው!» እያለ መሐል ገብቶ ለማስታረቅ ይሞክራል፤ አንድ እጁ ግን አሁንም ቁርጭምጭሚቱን ያካል።

ልጆቹ ከአንድ ወይራ ሥር ጥላ ይዘው መሬቱ ላይ የገበጣ ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር። ትንሹ ልጅ ጩኸቱ ሲበረታ ቀና አለ።

«በቃችሁ እንበላቸው?»

ታናሽየዋ ጠጠሯን እያከፋፈለች ሳትዞር መለሰችለት።

«ተዋቸው ይጫወቱ፤ ሲደክማቸው አውቶቡስ ውስጥ ይተኛሉ።»